ያልተሰካው ፍሪጅ

ዙልፋ ያየችውን አይታለች፤ ማንም መጥቶ አላየሽም ሊላት አይችልም። ሙጂብ በማለዳ፣ የጁባዋ ሃይ ማላካል ሰፈር ገና ሱቆቿን ሳትከፍት፣ ከቦዳ ሞተር ሳይክል ላይ ወርዶ ፋርማሲው ውስጥ ገባ። ቆይቶ ሲወጣ ፋርማሲስቷ ፀጋ እስከ በሩ ሸኘችው። ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች፣ ፀጉሯን እንደለቀቀች፣ አንድ ነገር አለችውና ሁለቱም ሳቁ። እሱ ሲስቅ አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ያንን አሳሳቅ ዙልፋ ለሷ ብቻ የተሰጠ ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ቢሆን ራሱን አሞት ነው ብላ ታልፈው ነበር። ግን ትናንትም መጥቷል። ከትናንት በስቲያም። ደግሞ በባዶ እጁ አይገባም፤ በጥቁር ፌስታል የጠቀለላት ትንሽ ነገር አለችው፤ ሲወጣ የለችም። ሴት ልጅ በፌስታል ተጠቅልሎ በማለዳ የሚሰጣት ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሽቶ ነው። ወይ ወርቅ ነው። ዙልፋ ወርቅ ነው ብላ ወሰነች፤ ምክንያቱም ወርቁ የበለጠ ያማል።

የአባቷ የሐጂ ኸይሩ የጅምላ ሱቅ ከፋርማሲው ፊት ለፊት ነው። መኖሪያ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ነው። ዙልፋ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ስኳርና ዘይት ታስጭናለች፤ ሙጂብንም ያወቀችው እዚያው ነው። ኮር ዊሊያም ሰፈር ካለ የጥበቃ ድርጅት ግቢ እየመጣ ሩዝ በጆንያ ይገዛ ነበር። ያ የታኅሣሡ ተኩስ ካለፈ ወዲህ ጁባ ውስጥ ዘበኛና ውሻ የማይፈልግ ግቢ የለም፤ ሙጂብ ደግሞ የውሾቹ አሰልጣኝ ነው። ሩዙ የውሾቹ ነው።

«ለውሻ ሩዝ የሚቀቅል ሙስሊም!» አሉ ሐጂ ኸይሩ ሲሰሙ። «ያ ረቢ፣ ምን የማናየው አለ?» በሳቅ ነበር ያሉት። ሳቁ ግን ልጃቸው ሩዙን ራሴ ካልመዘንኩ ማለት ስትጀምር ቆመ።

ዙልፋ የወደደችው እጁን ነው ብንል አንዋሽም። ውሻ የላሰውን እጁን፣ ሃይማኖቱ እንደሚያዝዘው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር አድርጎ ሳይታጠብ የሱቁን ደፍ አይረግጥም ነበር። ጥፍሮቹ ሥር ቀይ አፈር አይጠፋም። ብር ሲሰጣት እጁ ዝናብ እንደነካው መሬት ይሸታል። ሰው በዚህ ይወደዳል? ይወደዳል። ሰሞኑን ግን ሙጂብ ወደ ሱቁ ሲመጣ እጁ አፈር አፈር ማለቱን ትቶ አልኮል አልኮል ማለት ጀምሯል። የፋርማሲ አልኮል።

ባንኮኒው ሥር ስልኳን አወጣችና ጻፈች።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

መልሱ ዘገየ። አንድ ቦዳ ነጂ ሲጋራ ገዝቶ፣ መልሱን ቆጥሮ ሄደ። ከዚያ ስልኩ ጢጥ አለ። «አይነገርም። ሲያልቅ እነግርሻለሁ።»

አይነገርም! ዙልፋ ቃሉን ደጋግማ አነበበችው። እንዲህ የሚል ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሌላ ሴት ይዟል፤ ሙጂብ ደግሞ ሌባ አይደለም። መልሳ ጻፈች፦

«ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ የማሂር ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ፍሪጁን እሰካዋለሁ።»

ወዲያው ደወለ። አላነሳችም። ደግሞ ደወለ። ስልኩን ስኳሩ ጆንያ ላይ ደፋችውና ስሙ ሲበራና ሲጠፋ በጨርቁ ላይ የሚታየውን ብርሃን እያየች፣ አንሺው አንሺው የሚላትን ልቧን በጥርሷ ይዛ ቀረች።

*

ስለ ፍሪጁ እንንገራችሁ። ማሂር ኮኞ ኮኞ ገበያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ያለው፣ የተረጋጋና መልከ መልካም ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ባለ ሁለት በር ፍሪጅ በጭነት መኪና ላከ። እናቷ ወይዘሮ መሊካ ፍሪጁን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሐጂ ኸይሩ ግን ፕላስቲኩ እንዳይነሳ አዘዙ።

«ልጄን በፍሪጅ አልለውጥም» አሉ ዙልፋን አስጠርተው። «ሳሎን ይቁም። ማሂርን ከወደድሽ በገዛ እጅሽ ትሰኪዋለሽ፤ እኔም እሺ ማለትሽን ከዚያ አውቃለሁ። ካልወደድሽ እንደመጣ ይመለሳል። ማንም አያስገድድሽም።»

ስለዚህ ፍሪጁ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ሶኬቱ እንደተጠቀለለ፣ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ቆሟል። ዙልፋ በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

አርብ እኩለ ቀን ላይ፣ ወንዶቹ ሁሉ ጁምዓ ሄደው ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት፣ የባንኮኒው መብራት በሰው ጥላ ተሸፈነ። ዙልፋ ቀና አለች። ፀጋ ነበረች። ያች ፀጋ። በደረቷ ላይ ትንሽ ሰማያዊ አይስቦክስ አቅፋለች።

«እንዴት ዋልሽ ዙልፋዬ?»

ዙልፋዬ! «ምን ልስጥሽ?» አለች ዙልፋ።

«ጄኔሬተራችን ቆሟል። ነዳጅ ከተማው ውስጥ የለም፣ ታውቂው የለ። የናንተ ይሰራል። እባክሽ ይቺን እስከ ነገ ጠዋት በረራ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪልኝ። የሙጂብ ናት።»

ስሙን እንዴት በቀላሉ አነሳችው! ዙልፋ ከወንበሯ ተነሳች። ፊቷ ነደደ።

«የሙጂብ ከሆነች ሙጂብ ለምን አይመጣም? በማለዳ አንቺ ዘንድ ሲመላለስ እኮ እግሩን አላመመውም።»

ፀጋ ዐይኖቿን ትልቅ አድርጋ አየቻት። ከዚያ ነገሩ ገባትና ከንፈሯን ነከሰች። «አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

«ወይኔ ጌታዬ። አልነገረሽም።» አይስቦክሱን ባንኮኒው ላይ ልታስቀምጥ ስትል ድንገት መልሳ አቀፈችው። «ዙልፋ፣ ይሄ የውሻ ሽንት ነው።»

«ምን?»

«ሽንት። የውሻ። ሲምሲም የሚሏት ነጭ ውሻ አለቻቸው፤ እንቁላል የመሰለ ጭንቅላት ያላት። ዘሯ ቡል ቴሪየር ይባላል። እዚህ ዘር ውስጥ ከእናት ከአባት ወደ ቡችላ የሚወርድ የኩላሊት በሽታ አለ። ወንድሟን በዝናቡ ወራት ገደለው። አሁን እሷን ሊያራቧት ፈልገው፣ ከካምፓላ የመጣው የእንስሳት ሐኪም መጀመሪያ ሽንቷ ይመርመር አለ። ኩላሊቷ ጤነኛ ካልሆነ ፕሮቲን ያፈስሳል። የማለዳ የመጀመሪያው ሽንት በተከታታይ ቀናት ይጠራቀምና ቀዝቅዞ ይላካል። እንዳይሞቅ፣ እንዳይረጋም። ሐኪሙ ነገ ይዞት ይበራል፤ ዛሬ ከሞቀ የሰሞኑ ልፋት ሁሉ ገደል ገባ።»

ዙልፋ አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ደግሞ በምን ይቀዳል?»

«በጭልፋ!» ፀጋ ሳቋ አመለጣት። «ጎህ ሲቀድ ጭልፋ ይዞ ከኋላዋ ከኋላዋ ይሄዳል። ስትቆም ይቆማል። እሷ ደግሞ ታፍራለች፤ ካያት አትሸናም። ትናንት ጭልፋውን ረግጣ ሱሪው ላይ ደፋችበት። 'ይሄን ጉድ ካገባኋት ሴት ፊት እንዴት እናገራለሁ' ሲለኝ ነው እንዲያ የሳቅነው።»

«ካገባኋት ሴት?»

«እንደዚያ ነው የሚጠራሽ። ገና ሳያገባሽ።»

ግን ቅናት እንዲህ በቀላሉ ቤቱን አይለቅም፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ መስኮት ያንኳኳል። «ታዲያ የኛ የሱቁ ፍሪጅ እያለ ለምን አንቺ ዘንድ? የናንተ ጄኔሬተር ዛሬ ይሰራል ነገ ይቆማል። የኛ ሌት ተቀን ነው የሚሰራው።»

«እኔም ያንኑ ጠየቅሁት» አለች ፀጋ። አሁን አልሳቀችም። «ተቆጣኝ። 'ሐጂ ውኃ የሚጠጡበት ፍሪጅ ነው፤ እዚያ ቤት ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር ይዤ አልገባም፣ የሷ እጅም አይነካውም' አለኝ። ዛሬ ባይጨንቀኝ ኖሮ እኔም አላመጣብሽም ነበር። እሱ አያውቅም።» ዐይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። «ለኔም አንድ ሰው ስለ ፍሪጄ እንዲህ ቢጨነቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው የምነግርሽ። ጠርሙሱን ሲያስቀምጥ እንኳ ፊቱ ወደ እናንተ ሱቅ ነው።»

ዙልፋ ያን ጊዜ የፀጋን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ቅናት የሚባለው ነገር በሰው ፊት ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ሰሞኑን በመስታወት ስታየው ሰንብታለች። እጇን ዘረጋችና አይስቦክሱን ተቀበለች።

«ስጪኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ቆማ ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ ለራሷም ሳይገባት ቀረ።

*

ወይዘሮ መሊካ ማድቤት ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ከሳሎኑ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማች፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ የሚያጉረመርም። ቢላዋውን ጣለችና ሮጣ መጣች። ፕላስቲኩ ተገፎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ፍሪጁ ተሰክቷል። ዙልፋ አጠገቡ ቆማለች፤ ዐይኗ ቀልቷል።

«እልልልል!» አለች እናት። ጎረቤት እስኪሰማ አለች። የልጇን ጉንጭ ሳመች፣ ግንባሯን ሳመች፣ ፍሪጁንም ልትስመው ምንም አልቀራት። «አላህ ይባርክሽ ልጄ! እኔ እኮ አውቅ ነበር!»

«እማ...»

«አታውሪ፣ አታልቅሺ። ሁላችንም አልቅሰናል። ፊትሽን ታጠቢ፣ ሰዎቹ መድረሳቸው ነው።»

ዙልፋ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እልልታው ግን የሰማውን ጎረቤት ሁሉ ወደ ግቢ አስገብቶ ነበር። ሐጂ ኸይሩ ከመስጊድ ሲመለሱ በሩ ላይ ነገሯቸው። ፍሪጁን አዩት፣ ልጃቸውን አዩዋት። «ተሰክቷል ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ወይም አባት ልጁ ስትሄድበት እንዲያ ነው የሚሆነው።

ከዐስር ሶላት በኋላ የማሂር ሽማግሌዎች መጡ። በመሀላቸው አንድ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ለመናገር የተመረጡት እሳቸው ናቸው። ፍሪጁ ሲሰራ እንዳዩ ፊታቸው በራ። «ማሻአላህ! እንግዲህ እኛ የመጣነው ለመለመን ነበር። ለካስ መልሱ ቀድሞን ተሰክቷል» አሉና ሁሉም ሳቁ።

ዙልፋ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ጣቶቿን ታጣምማለች። አሁን መናገር ነበረባት። አሁን። እግሯ ግን መሬት ይዞ ቀረ።

«እስቲ ከዚህ ከአዲሱ ቀዝቃዛ ነገር ቅመሱ» አሉ ሐጂ ኸይሩ። መሊካ ለስላሳ አስገብታበት ይሆናል ብለው ነው። ተነሡና የፍሪጁን ትልቁን በር ከፈቱ። ውስጡ ነጭ ነው፣ ባዶ ነው፤ መሀል መደርደሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ብቻዋን ቆማለች። ሐጂ ኸይሩ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ዙልፋ! ይሄ ምንድነው?»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሻርፗ ከግንባሯ ተንሸራቷል፤ አላስተካከለችውም።

«የውሻ ሽንት ነው አባባ።»

ፍሪጁ ብቻ ያጉረመርማል። ወይዘሮ መሊካ ከበሩ ጋ «ሱብሃነላህ» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሂና የተቀቡት ሽማግሌ ልብሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን ወደ ላይ አነሡ፣ ጠርሙሱ ፈስሶ የሚመጣባቸው ይመስል።

«ፍሪጁን የሰካሁት ማሂርን ወድጄ አይደለም» አለች ዙልፋ። ቃላቱ አሁን ተከታትለው ወጡ። «ማሂር ምንም አላጠፋም፤ አላህ ከኔ የተሻለች ይስጠው። እኔ ግን ሌላ ሰው ነው የምወደው። ይሄ ጠርሙስ የሱ ሥራ ነው። እስከ ነገ ከሞቀ ይበላሻል። ባዶ የነበረ ይሄ ፍሪጅ ብቻ ነው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ እልልታው ቀደመኝ። ይቅር በሉኝ።»

«ተሰደብን!» አሉ ሽማግሌው። «ኻላስ! ተነሡ!»

በዚህ ጊዜ በግቢው በር የሮጠ ሰው ትንፋሽ ተሰማ። ሙጂብ ነበር። ፀጋ ነግራው፣ መንገዱን በሩጫ ተሻግሮ መጥቷል። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። በሩ ላይ ደርሶ የተሰበሰበውን ሰው፣ የተከፈተውን ፍሪጅ፣ ጠርሙሷን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አላዘዝኩም። ወላሂ እዚህ ቤት እንድትገባ አልፈለግሁም። አሁን አወጣታለሁ።»

«ቁም» አሉ ሐጂ ኸይሩ።

ቆመ።

«አንተ ነህ የውሻ ሽንት የምትሰበስበው?»

ዙልፋ ሙጂብ እንደሚያፍር፣ መሬት መሬት እንደሚያይ ጠበቀች። አላየም። «አዎ ሐጂ። በጭልፋ። በማለዳ ከኋላዋ እየሄድኩ። ወንድሟ እጄ ላይ ነው የሞተው፤ ታሞ ውኃ ሲጠጣ ሌሊቱን ያድር ነበር። እሷም ያ በሽታ ካለባት ማወቅ አለብን። ይሄ ነው ሥራዬ። ለልጅዎ መናገር አፍሬ ደበቅኋት። አሁን እርስዎም ሰምተዋል፣ እነዚህም ሰምተዋል። ከዚህ በላይ የምደብቀው የለኝም።»

«ሰሞኑን የት ታስቀምጠው ነበር?»

«ፋርማሲው።»

«የኔ ሱቅ ፊት ለፊት እያለ? ጄኔሬተሩ ሳያቋርጥ እየሰራ?»

«እርስዎ ውኃ የሚጠጡበት ፍሪጅ ነው» አለ ሙጂብ።

ሐጂ ኸይሩ ወደ ፍሪጁ ቀረቡ። ጎንበስ አሉ። በአንዲት ጣታቸው፣ ጠርሙሷን ሳይነኩ፣ መደርደሪያውን ዳበሱት። ጣታቸውን አዩት። «ደረቅ ነው» አሉ። «አልፈሰሰም። ክዳኗም ጥብቅ ነው። የተከደነ ነገር ያልነካውን አያረክስም።» ወደ ሽማግሌው ዞሩ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «ሐጂ፣ አልሰደብንዎትም። ልጄ አሰካኩን አላወቀችበትም። ለማሂር እኔው ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ ፍሪጁም ነገ ታጥቦ ይሄድለታል።»

«ነገ?» አሉ ሽማግሌው። «ለምን አሁን አይሄድም?»

ሐጂ ኸይሩ ልጃቸውን አዩዋት። ረጅም አስተያየት ነበር። ተኩሱ በበዛበት ሰሞን ባንኮኒው ሥር አቅፈዋት ሲያድሩ እንዲያ ነበር የሚያዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የፍሪጁን በር በቀስታ፣ እስኪገጥም ድረስ ዘጉት።

«እስከ በረራው ይቆይ» አሉ።

ዙልፋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሰው ፊት ማልቀስ ነውር ነው ብላ ያሳደገቻት እናቷ ወለሉ ላይ ሆና ስታለቅስ ማን ይቆጣታል።

*

ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፣ ጎረቤቱም እያንሾካሾከ ተበትኗል። ሙጂብ የግቢው ቧንቧ ጋ ቁጭ ብሎ እጁን ይታጠባል። አፈር ዘግኖ አሸው። ዙልፋ በር ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ከድርጅቱ ልወጣ ስል ሲምሲም ልሳኛለች» አለ ሳያያት። «በጥድፊያ ሳልታጠብ ነው የገባሁት። አባትሽ ቢያውቁ...»

«ስልክህን ሳላነሳ ቀረሁ።»

«አውቃለሁ። ደጋግሜ ደውያለሁ።»

«አይነገርም አልከኝ።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ዙልፋዬ ጭልፋ ይዣለሁ ልበልሽ?»

ልትስቅ ነበር፤ ያቺ የማለዳ ሳቅ ትዝ አለቻትና ተወችው። ቅናቷ ተመልሶ ደረቷ ውስጥ ተቀመጠ። እንግዳ አልነበረም፤ ለመቆየት የመጣ ነው።

«እሷን አሳቅሃት» አለች። «የኔን ሳቅ ለሷ ሰጠሃት።»

ሙጂብ ቀና ብሎ አያት። እጁ እስከ ክንዱ ቀይ አፈር ሆኗል። «ስላንቺ ነበር የምናወራው።»

«ስለኔ ከኔ ጋር አውራ። ጭልፋም ቢሆን፣ ሽንትም ቢሆን፣ የውሻ ኩላሊትም ቢሆን መጀመሪያ የምሰማው እኔ ልሁን። ሌላ ሴት ካንተ ቀድማ ስለ ሕይወትህ ስትነግረኝ ምን እንደሚያደርገኝ አታውቅም።»

«ውጤቱ መጥፎ ከሆነስ? ሲምሲም ብትታመም ያንንም?»

«ያንንማ ከሁሉ በፊት።»

ሙጂብ ቧንቧውን ከፈተ። ውኃውን በእጁ ላይ አፈሰሰው፤ ቀይ ሆኖ ወረደ፣ ቀጥሎ ጠራ። ከተነሣ በኋላ እርጥብ እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። ዙልፋ የሻርፗን ጫፍ ዘረጋችለት። ሲያብሰው ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ አልኮል የለም። አፈር ነው። የራሷ የሆነው ያ አፈር።

«አሁንስ ትቀኛለሽ?» አላት በሹክሹክታ።

ከግቢው በር ማዶ፣ ፋርማሲው ውስጥ፣ ፀጋ በጨለማው መብራት አጥታ ሻማ ስትለኩስ ትታያለች። ዙልፋ አየቻት። ከዚያ የሙጂብን ትከሻ ይዛ፣ ፊቱ ከመንገዱ እንዲመለስ፣ ወደ ራሷ አዞረችው።

«አዎ» አለች። «ወደዚህ ተመልከት።»